ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የመድኃኒት ስህተትን መከላከል፦ ከመደርደሪያ እስከ ርክክብ

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መድኃኒት የሚታዘዘው በግርግር መሀል ነው። ታካሚው አዲስ ነው። ካርዱ ገና አልወጣም። ክብደቱን ማንም አያውቅም። አስታማሚው በር ላይ ከጥበቃ ጋር ይጨቃጨቃል። ዋርድ ቢሆን ትዕዛዙን ፋርማሲስት ያየዋል፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ሲኒየር ያርመዋል። እዚህ ግን ከሐኪሙ አፍ ወጥቶ ደም ሥር እስኪገባ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።

«ተጠንቀቁ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙም አይረዳም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደከመ ሰው ጥንቃቄው ያልቃል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው አሠራር ነው፦ መድኃኒቱ የት ተቀመጠ፣ ትዕዛዙ እንዴት ተጻፈ፣ ማን የሰማውን ደግሞ ተናገረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት ስህተት የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በአምስት ዓመት በግማሽ ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር፣ ስህተቱ ዓለምን በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ ገምቶ ነበር። ገንዘቡ ይቅርና፣ ከታች ያሉት አብዛኞቹ እርምጃዎች እስክሪብቶና ፕላስተር ብቻ ነው የሚጠይቁት።

መመሪያው ለነርሶች፣ ለኢንተርኖች፣ ለጠቅላላ ሐኪሞችና ለፋርማሲስቶች ነው። የጠቀስኳቸው መጠኖች ለማሳያ ናቸው። የሆስፒታላችሁ ፕሮቶኮል ይቅደም።

1. ታካሚ ሳይመጣ መደርደሪያውን አስተካክሉ

ተረኛነት ስትረከቡ የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪውን ክፈቱ። ምን አለ፣ ምን አልቋል ብቻ አትበሉ። ምን ከምን አጠገብ ተቀመጠ የሚለውንም እዩ።

መጀመሪያ የሚነሳው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ያልተበረዘ ፖታሲየም በቀጥታ ደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል። አምፑሉ ደግሞ ከመበረዣ ውሃና ከሰላይን (የጨው ውሃ) አምፑል ጋር ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ ከጋሪው ላይ አውጡት። በተቆለፈ ሳጥን ወይም ፋርማሲ ውስጥ ይቀመጥ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ሳይበረዝ አይሰጥም» ብላችሁ ጻፉ። የሚቸኩል ሰው እጁን ሲሰድ እንዳያገኘው ነው ዓላማው።

ሁለተኛው ጡንቻን የሚያሽመደምዱት ናቸው፦ ሱክሳሜቶኒየም፣ ቬኩሮኒየም፣ ፓንኩሮኒየም። ታካሚው እያወቀ መተንፈስ ያቅተዋል። ሱክሳሜቶኒየም ፍሪጅ ውስጥ ስለሚቀመጥ ኢንሱሊንና ክትባት አጠገብ ይገኛል። ለብቻው ክዳን ያለው ዕቃ ስጡት፣ ክዳኑ ላይም «ትንፋሽ ያቆማል» ይጻፍበት።

ይህ ማጋነን ለሚመስለው ሰው አንድ እውነተኛ ጉዳይ ላንሳ። በታኅሣሥ ወር 2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ ለአንዲት የ75 ዓመት ታካሚ ከምርመራ በፊት ማረጋጊያ ታዘዘ። መድኃኒቱ ሚዳዞላም ነበር፣ የንግድ ስሙ ቨርሴድ። ነርሷ ወደ መድኃኒት ማከፋፈያው ማሽን የስሙን የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት አስገባች። ማሽኑ በዚያ ስም አላገኘውም። የቁጥጥር ገደቡን አልፋ ስትወስድ የወጣላት ቬኩሮኒየም ነበር። ሚዳዞላም ፈሳሽ ነው። ቬኩሮኒየም ግን ዱቄት ነው፣ በውሃ መሟሟት አለበት። ክዳኑ ላይም ጡንቻ የሚያሽመደምድ መሆኑ ተጽፏል። ሁሉም ታልፎ ተሰጠ፤ ታካሚዋም ሞተች። እንግዲህ ይህ የሆነው ኮምፒውተር ባለበት አገር ነው። እኛ ጋ ያለው ማሽን መሳቢያ ነው።

ከዚህ የሚወሰድ ልማድ አለ። ቫያሉ (የመድኃኒቱ ብልቃጥ) ከለመዳችሁት የተለየ ነገር ከጠየቃችሁ ቁሙ። ፈሳሽ ይሆናል ያላችሁት ዱቄት ከሆነ፣ ለአንድ ሰው አምስት አምፑል መስበር ካስፈለገ፣ ሲሪንጁ አልበቃ ካለ፣ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

ስማቸው የሚመሳሰሉትንም አራርቁ። ዶፓሚንና ዶቡታሚን፣ ሃይድራላዚንና ሃይድሮክሲዚን፣ ሴፍትሪያክሶንና ሴፎታክሲም። አምራች ሲቀየር የአምፑል ቀለም አብሮ ይቀየራል። «ቀዩ ክዳን አድሬናሊን ነው» የሚል ዕውቀት አዲስ ጭነት እስኪገባ ብቻ ነው የሚሠራው። ፋርማሲው አዲስ መልክ ያለው ሲያመጣ ለክፍሉ ሁሉ ያሳውቅ።

2. ስሙን አትንገሩት፣ ጠይቁት

«አበበ ነህ?» ብላችሁ የጠየቃችሁት በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው «አዎ» ይላችኋል። ከበደ ቢሆንም «አዎ» ይላል። ስለዚህ «ስምህ ማን ነው? የአባትህስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ አገር የቤተሰብ ስም ስለሌለ የሰውና የአባቱ ስም በቀላሉ ይገጣጠማል። በአንድ ሌሊት ሁለት ፋጡማ አህመድ መግባታቸው ብርቅ አይደለም። የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ግዴታ ይሁን። ተመሳሳይ ስም ካለ ሁለቱም ካርዶች ላይ «ተመሳሳይ ስም አለ» ብላችሁ በቀይ ጻፉ፣ አልጋቸውንም አራርቁ።

ማንነቱ ያልታወቀ ታካሚ ሲገባ «ያልታወቀ» ብቻ ብሎ መተው አደገኛ ነው። የመኪና አደጋ ሲሆን ሦስት አራት ሰው አብሮ ይመጣል። ቁጥር፣ ጾታና የገባበት ሰዓት ጨምሩ። የእጅ መለያ ከሌለ የፕላስተር ቁራጭ አንጓው ላይ ይበቃል።

የአልጋ ቁጥር መለያ አይሆንም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አልጋ በየሰዓቱ ይቀያየራል።

3. ሦስት ነገር ሳታውቁ መድኃኒት አትጀምሩ፦ ክብደት፣ አለርጂ፣ ቤት የሚወስደው

ሕፃን ከሆነ መዝኑት። ሚዛን ትሪያጅ (ታካሚ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለይበት) ጠረጴዛው አጠገብ ይኑር። መመዘን ካልተቻለ፣ ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ዕድሜው ላይ 4 ጨምሮ በ2 ማባዛት ግምት ይሰጣል። የ3 ዓመት ልጅ 14 ኪሎ ይመጣል። ነገር ግን በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ከዚህ በብዙ ሊያንስ ይችላል። በግምት የተሠራ ክብደት ካርዱ ላይ «ግምት» ተብሎ ይጻፍ። ክብደቱ ሁልጊዜ በኪሎ፣ ሁልጊዜ ከላይ በአንድ ቦታ።

አለርጂን «አለርጂ አለብዎት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ «የለብኝም» ያስመልሳል። «መርፌ ተወግተው ወይም ኪኒን ውጠው ያሳከከዎት፣ ፊትዎ ያበጠ፣ ራስዎን የሳቱበት ጊዜ አለ?» በሉ። አሁን መልሱ ይለወጣል።

ቤት የሚወስደው መድኃኒት ላይ ጊዜ ውሰዱ። አስታማሚው ሲላክ «ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው አምጣ» በሉት። ስሙን የማያውቀው ሰው ካርቶኑን ያውቀዋል። በተለይ እነዚህን ፈልጉ።

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ)። የልብ ቫልቭ ችግር ያለባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም ዋርፋሪን የሚወስዱ አሉ። ለወገብ ሕመም ተብሎ ዳይክሎፌናክ መርፌ ቢወጉ ለደም መፍሰስ ይጋለጣሉ። ዳይክሎፌናክ በድንገተኛ ክፍላችን እንደ ውሃ ስለሚሰጥ ይህን ጥያቄ ከሱ ጋር አያይዙት። ኩላሊትና ጨጓራንም አብራችሁ ጠይቁ።

የሚጥል በሽታ። ትራማዶል መጣልን ሊቀሰቅስ ይችላል።

የኤችአይቪ መድኃኒት። ይህን አስታማሚ ባለበት አትጠይቁ። ባል ወይም እህት ላያውቁ ይችላሉ። መጋረጃውን ዝጉ፣ አስታማሚውን ለካርድ ላኩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠይቁ። ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ከሳንባ ነቀርሳው መድኃኒት ከሪፋምፒሲን ጋር ሲወሰድ መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ መሆን አለበት። ፌኒቶይንም በደም ውስጥ ያለውን የዶሉቴግራቪር መጠን ይቀንሳል። ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ልትጀምሩ ከሆነ ይህን ማወቅ አለባችሁ።

ጠበልና የሀበሻ መድኃኒት። ፊት አኮማትሮ የሚጠይቅ ሰው እውነቱን አይሰማም። «ሰሞኑን ጠበል ላይ ነበሩ? መድኃኒቱን በዚያ ጊዜ አቋርጠው ነበር?» ተብሎ በቀና መንፈስ ቢጠየቅ ሰው ይመልሳል። መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት ያቋረጠ ሰውና እየወሰደ የጣለው ሰው አንድ ዓይነት አይታከሙም። ለስኳር ታካሚ ጾምም ይጠየቅ። ሳይበላ ኢንሱሊኑን ወግቶ የመጣ ሊሆን ይችላል።

4. ትዕዛዙን ሌላ ሰው እንደሚያነበው አድርጋችሁ ጻፉ

«አንድ አምፑል ላሲክስ» ትዕዛዝ አይደለም። 20 ሚሊ ግራም የያዘ አምፑል አለ፣ 40 የያዘም አለ። «ሁለት ሲሲ ስጡት» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሲሲ የፈሳሽ ልክ ነው፣ በውስጡ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ አይናገርም። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ በሚሊ ግራም፣ መንገዱ፣ በየስንት ሰዓቱ፣ የታዘዘበት ሰዓትና ፊርማ። ይህ ሳይሟላ ነርስ የመመለስ መብት አላት።

የቁጥር አጻጻፍ ላይ ሦስት ሕግ ይበቃል። ከነጥብ በፊት ዜሮ አስቀድሙ፦ .5 ሳይሆን 0.5። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አትጨምሩ፦ 5.0 ተብሎ የተጻፈ 50 ሆኖ ይነበባል። ኢንሱሊንና ሄፓሪን ላይ ዩኒት የሚለውን ሙሉውን ጻፉ። ከ10 ኋላ የተጻፈች አንዲት የእንግሊዝኛ ዩ ፊደል ዜሮ መስላ መጠኑን 100 ታደርገዋለች። ማይክሮ ግራምም በምሕጻር አይጻፍ።

አሁን ሌላ አገር መመሪያ ላይ የማታገኙት ነገር፦ ሰዓት። ካርዱ ላይ 8:00 ተብሎ የተጻፈ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ወይስ ስምንት ሰዓት? አንዳንዱ በፈረንጅ ይጽፋል፣ አንዳንዱ በሀበሻ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር የተጻፈላት እናት እንበል። ወረቀቷ «ማግኒዢየም ሰልፌት 2:00 ላይ ተሰጥቷል» ይላል። እናንተ ጋ የደረሰችው ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። 2:00 የሀበሻ ጠዋት ከሆነ ከተሰጣት ስምንት ሰዓት ሆኗታል። በየአራት ሰዓቱ የሚሰጠው መርፌ አንዱ አልፏታል፣ ሁለተኛውም ደርሷል። 2:00 የፈረንጅ ከሰዓት ከሆነ ግን ገና ሁለት ሰዓቷ ነው። አሁን ከሰጣችኋት ቀድማችኋል። ወረቀቱን እያዩ መገመት አይሆንም። ወደ ጤና ጣቢያው ደውሉ፣ ወይም አብራት የመጣችውን አዋላጅ «ፀሐይ የት ነበረች?» ብላችሁ ጠይቁ።

መፍትሔው ለክፍሉ አንድ ሰዓት መምረጥ ነው። የ24 ሰዓት አቆጣጠር ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም 14:00ን ማንም የጠዋት ሁለት ሰዓት አያደርገውም። ከታካሚው ጋር ስታወሩ በሀበሻ፣ ካርዱ ላይ በ24። ቀንም እንደዚያው። የተከፈተ የኢንሱሊን ቫያል ላይ «5/3» ብቻ ከተጻፈ ኅዳር 5 ይሁን ማርች 5 ማን ያውቃል? ኢንሱሊን ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው በአብዛኛው 28 ቀን ነው። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት።

5. የቃል ትዕዛዝ ለሪሰስ (ሕይወት ለማዳን ርብርብ) ብቻ፣ እሱም ተደግሞ

ኮሪደር ላይ እየሄደ «ለአልጋ አራት ሴፍትሪያክሶን ጀምሩለት» የሚል ሐኪም እስክሪብቶ ይሰጠው። የቃል ትዕዛዝ የሚፈቀደው እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ነው፣ ለምሳሌ ልብ ሲቆም። ያኔም እንዲህ ይሁን፦

«ሲስተር፣ አድሬናሊን አንድ ሚሊ ግራም በደም ሥር።»

«አድሬናሊን አንድ ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ልስጥ?»

«አዎ ስጪ።»

«አድሬናሊን አንድ ሚሊ ግራም ተሰጥቷል። 03:12።»

አራት መስመር ነው፣ አሥር ሰከንድ አይሞላም። አንድ ሰው ደግሞ ሥራው መጻፍ ብቻ ይሁን። አድሬናሊን በየ3 እስከ 5 ደቂቃው ስለሆነ፣ ጸሐፊ ከሌለ ስንተኛው እንደሆነ በክርክር ነው የሚታወቀው።

ብዙዎቻችን ቁጥር በእንግሊዝኛ እንጠራለን። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በጩኸት መሀል አንድ ናቸው። ስትደግሙ በአማርኛ ድገሙት፣ ወይም «አንድ አምስት»፣ «አምስት ዜሮ» በሉ።

መደጋገሙ ጥቅሙ መስማት ብቻ አይደለም። ለጥያቄ በር ይከፍታል። «ዶክተር፣ ልጁ 10 ኪሎ ነው። ዜሮ ነጥብ አንድ ለማለት ነው?» ብላ የጠየቀችን ነርስ ያመናጨቀ ሐኪም፣ በሚቀጥለው ሌሊት ጸጥ ያለ ክፍል ይጠብቀዋል። ጸጥታው ደግሞ ሰው ይገድላል። ሲኒየሮች ይህን በራውንድ ላይ ጮክ ብለው ቢናገሩት ጥሩ ነው፦ የተጠየቀ ሐኪም ያመሰግናል።

6. ስሌቱን ሁለት ሰው ለየብቻው ይሥራ

ፐርሰንት ብዙ ሰው ያደናግራል። አቋራጩ ይህ ነው፦ ፐርሰንቱን በ10 አባዙት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለውን ሚሊ ግራም ታገኛላችሁ። 2% ሊዶካይን 20 ሚሊ ግራም ነው። 40% ግሉኮስ 400 ሚሊ ግራም። 50% ማግኒዢየም 500 ሚሊ ግራም።

በዚህ እንሂድ። ለኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ በደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ) 4 ግራም ማግኒዢየም በ20% መስጠት ታዘዘ። እጃችሁ ላይ ያለው 50% ነው። 4000 ሲካፈል ለ500 ስምንት ሚሊ ሊትር ይሆናል። 12 ሚሊ ሊትር መበረዣ ውሃ ሲጨመር 20 ሚሊ ሊትር ወጣ፣ 4 ግራም በ20፣ ማለትም 20%። ቀስ ብሎ በደም ሥር። አንዱ ነርስ ይህን ወረቀት ላይ ይሠራል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሳያይ ይሠራል። ከዚያ ይወዳደራል። «ስምንት ነው አይደል?» «አዎ» ማለት ሁለተኛ ማረጋገጫ አይደለም። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ስህተት ተቀበለ እንጂ ስሌት አልሠራም።

አድሬናሊን የብዙ ስህተት መነሻ ነው፣ ምክንያቱም አንዱ አምፑል ሁለት ፍጹም የተለያየ ሥራ አለው። አምፑሉ 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ነው። ለከባድ አለርጂ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም ጭኑ ላይ በጡንቻ፣ ሳይበረዝ። ልብ ሲቆም 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር። አለርጂ ለያዘው፣ ልቡ ለሚመታ ሰው ልብ ሲቆም የሚሰጠውን መጠን በደም ሥር መግፋት ልቡን ሊጎዳው ይችላል። «አድሬናሊን ስጪው» ሲባል «በጡንቻ ወይስ በደም ሥር?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሁን።

ልቡ ለቆመ ልጅ ደግሞ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ነው። አምፑሉን በ9 ሚሊ ሊትር ሰላይን በርዛችሁ 10 አድርሱት። አሁን በአንድ ሚሊ ሊትር 0.1 ሚሊ ግራም አለ። የ10 ኪሎ ልጅ 1 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ሳይበረዝ ያው 1 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ አሥር እጥፍ ነው። ከልጆች ስህተቶች አደገኛው እንዲህ ያለው የአንዲት ዜሮ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከ5 እስከ 30 ኪሎ በየኪሎው የተሠራ ሰንጠረዥ፣ ለአድሬናሊን፣ ለዳያዜፓም፣ ለግሉኮስና ለፓራሲታሞል፣ ሪሰስ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በደህና ጊዜ ፋርማሲስት ያረጋገጠው ይሁን።

ኢንሱሊን በራሱ ሲሪንጅ ብቻ ይቀዳ። በተለመደው ኢንሱሊን 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። በተራ ሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር የቀዳ ሰው 100 ዩኒት ይዟል። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ከጠፋ ሌላ መንገድ ከመፈለግ በፊት ፋርማሲውን አስነሱት።

ፖታሲየም ሲበረዝ ደግሞ የሚረሳ ነገር አለ። 10 ሚሊ ሊትር የ15% አምፑል 20 ሚሊሞል ገደማ ይይዛል። በተሰቀለ ከረጢት ላይ ከጨመራችሁት ታች ተከማችቶ ቀድሞ ይገባል። አውርዱት፣ ጨምሩ፣ ደጋግማችሁ ገልብጡት፣ ከዚያ ስቀሉት። የልብ ሞኒተር ከሌለ በሰዓት ከ10 ሚሊሞል አይበልጥ።

የሁለት ሰው ስሌት ለሁሉም መድኃኒት አይቻልም፣ ሰው የለም። ለኢንሱሊን፣ ለሄፓሪን፣ ለፖታሲየም፣ ለማግኒዢየም፣ ግፊት ለሚጨምሩት፣ ጡንቻ ለሚያሽመደምዱትና ለልጆች ድሪፕ ግን አትተዉት።

7. አስታማሚው ከውጭ ገዝቶ የመጣውን መድኃኒት

ሆስፒታሉ ውስጥ ሲያልቅ ማዘዣው ለአስታማሚ ይሰጣል። እሱ ሦስት ፋርማሲ ዞሮ በፌስታል ይዞ ይመለሳል። በዚያ ፌስታል ውስጥ ያለውን እንደ አዲስ መድኃኒት ቁጠሩት። ስሙ የታዘዘው ነው? ጥንካሬውስ? 1 ግራም ታዞ 500 ሚሊ ግራም ሊመጣ ይችላል። ጊዜው አላለፈም? በደም ሥር የሚሰጥ ነው ወይስ በጡንቻ ብቻ? ማዘዣውን አስመልሱና ጎን ለጎን አስተያዩ። ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ በዋና ስሙ ቢጻፍ ፋርማሲውም አይምታታም።

«ከዚያኛው ታካሚ አበድሪኝ፣ ሲገዛ እንመልሳለን» የሚለው ነገርም አለ። ሕይወት ለማዳን ካልሆነ አታድርጉት። ካደረጋችሁትም ወዲያው በሁለቱም ካርድ ላይ ጻፉ። ያለዚያ የአንዱ ቫያል ሲጎድል ያልተሰጠው እንደተሰጠ ይቆጠራል።

መድኃኒት ያለበትን ፌስታል ታካሚው ራስጌ አትተዉ። ስምና የካርድ ቁጥር ለጥፉበትና ነርሶች ጋ ይቀመጥ።

8. ቀድታችሁ ስትሰጡ

ስም ያልተጻፈበት ሲሪንጅ ይጣላል። ክርክር የለውም። ሞርፊን፣ ሱክሳሜቶኒየምና ሰላይን ሲሪንጅ ውስጥ ሁሉም ውሃ ይመስላሉ። የፕላስተር ቁራጭ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ያለውን መጠን፣ ሰዓቱንና ፊርማችሁን ጻፉ። ለአንድ ታካሚ ቀድታችሁ ሰጥታችሁ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። የአራት ሰው ሲሪንጅ በአንድ ትሪ ይዞ መዞር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ስህተት የሚገባውም በዚያው ነው።

ስትቀዱ ማንም አያናግራችሁ። ስልክም አይነሳ። ካቋረጧችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

መስመር ላይ ከመግፋታችሁ በፊት ከከረጢቱ እስከ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ እስከገባው ቱቦ) በእጃችሁ ተከተሉት። ምን ከምን ጋር እንደማይሄድም እወቁ። ፌኒቶይን በግሉኮስ ውስጥ ይረጋል፣ በኖርማል ሰላይን ብቻ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ሲታዘዝ 1200 ይሆናል። በደቂቃ ከ50 ስለማይበልጥ ቢያንስ 24 ደቂቃ ይፈጃል። አምስት ደቂቃ ውስጥ ብትጨርሱት የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ነው የሚወርደው። ሴፍትሪያክሶንም ካልሲየም ካለው ሪንገር ላክቴት ጋር አይቀላቀልም።

የሰጠው ሰው ይፈርም፣ በሰጠበት ደቂቃ። ቀድሞ መፈረም አጉል ልማድ ነው።

9. ከሰጣችሁ በኋላ እዩት

ማግኒዢየም ከተጀመረ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ መጠን በፊት ሦስት ነገር ይታይ፦ ትንፋሽ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር። አንዱ ከጎደለ አይሰጥም። ካልሲየም ግሉኮኔት ደግሞ አልጋው አጠገብ ይሁን፣ ፋርማሲ ውስጥ መኖሩ አይበቃም። ለሞርፊን፣ ለፔቲዲንና ለዳያዜፓም ትንፋሽ፣ ለኢንሱሊን ስኳር።

10. ርክክብ ላይ «ታዟል» እና «ተሰጥቷል» ይለዩ

ተረኛ ሲቀያየር «ሁሉም ሰላም ነው» ተብሎ የሚወጣ አለ። ርክክብ አልጋ አጠገብ፣ ካርዱን ገልጦ ነው። ምን ተሰጠ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ቀጣዩ መቼ ነው፣ የትኛው መድኃኒት ጠፍቶ አልተሰጠም። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ጀምሬለታለሁ ብሎ ያስባል፣ ማዘዣው ግን አስታማሚው ኪስ ውስጥ ነው፣ አስታማሚውም ገንዘብ ሊለምን ወጥቷል። ያልተሰጠ መድኃኒትም የመድኃኒት ስህተት ነው።

ወደ ቤት ሲላክ በሀበሻ ሰዓት ንገሩት፣ መልሶም እንዲነግራችሁ አድርጉ። አማርኛ የማይናገር ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ፈልጉ፤ ልጅ አታስተረጉሙ።

11. ከተሳሳታችሁ

መጀመሪያ ታካሚው። መስመሩን ዝጉ፣ ትንፋሽና ግፊት እዩ፣ ሲኒየር ጥሩ፣ የሚያፈርሰው መድኃኒት ካለ ስጡ። አምፑሉንና ሲሪንጁን አትጣሉ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ አስቀምጡ። ካርዱ ላይ የሆነውን እንደሆነ ጻፉ፣ ያለ ሰበብና ያለ ክስ። ቤተሰቡን ሲኒየሩ ቁጭ ብሎ ያነጋግር። ቤተሰብ ከጽዳት ሠራተኛ ወሬ ከሰማ በኋላ ማብራሪያ አይሰማም።

ከዚያ ሪፖርት። የናሽቪሏ ነርስ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. በወንጀል ጥፋተኛ ተብላለች፤ በኋላም የሦስት ዓመት የሙከራ ገደብ ተፈርዶባታል። ብዙ የሙያ ማኅበራት ያኔ የፈሩት ሌሎች ስህተታቸውን ይደብቃሉ ብለው ነው። ፍርሃቱ እውነት ነው። እኛም ጋ «ማን ነው የሰጠው?» የሚለው ጥያቄ «እንዴት ሊሰጥ ቻለ?» ከሚለው ይቀድማል። ኃላፊ የሆናችሁ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ የሚያገለግል ቢጫ ቅጽ አለው። የመድኃኒት ጎጂ ባሕርይን፣ የጥራት ጉድለትንና የመድኃኒት ስህተትን ሁሉ ይቀበላል። በነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ማሳወቅም ይቻላል። ቅጹ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ አምራቹን፣ የባች ቁጥሩንና ጥንካሬውን ሙሉ። አምፑሉን ያስቀመጣችሁት ለዚህም ነው።

ለጥቂት ሳይደርሱ የቀሩ ስህተቶችን ለመመዝገብ ደግሞ አንድ ደብተር ነርሶች ጠረጴዛ ላይ ይኑር። ስም አይጻፍበትም። «የሃይድራላዚን ቦታ ሃይድሮክሲዚን አገኘሁ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። በወር አንዴ ፋርማሲስቱና የክፍሉ ኃላፊ ያንብቡት፣ አንድ ነገር ይቀይሩ፣ የተቀየረውንም ከመስመሩ ሥር ይጻፉበት። የጻፉት ምንም ለውጥ ካላመጣ ሰዎች ሁለተኛ አይጽፉም።